“ይሠራል እኮ!” መልስ አይደለም

ፋይልን ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ማዛወር ከኮምፒውተር ሥራዎች ሁሉ ተራው ይመስላል። በማውስ ጎትቶ መልቀቅ፤ አለቀ። ነገር ግን ዛሬ አብዛኛውን ፋይል የሚያዛውረው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። የባንክ ደረሰኝ ከዕለቱ ፎልደር ወደ ማኅደር የሚገባው፣ ሆስፒታል ውስጥ የተነሳ ራጅ ወደ ሐኪሙ ኮምፒውተር የሚደርሰው፣ በድረ ገጽ የተላከ ማመልከቻ ወደ መዝገብ ክፍል የሚሄደው ማንም ሳያየው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። ስለዚህ “ፕሮግራሙ ፋይሉን የሚያዛውረው በምን መንገድ ነው?” የሚለው ጥያቄ የባለሙያዎች የጓዳ ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም። ሰነዱ ሲጠፋ የሚንከራተተው ባለጉዳዩ ነውና።

መንገዱ ሁለት ነው። በአንደኛው ፕሮግራሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ለዚሁ ተብሎ በተሠራው በር በኩል “ይህን ፋይል ከዚህ ወደዚያ አዛውር” ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል። ይህ በር ኤፒአይ ይባላል። በሁለተኛው ፕሮግራሙ ሰው ኪቦርድ ላይ ተቀምጦ የሚጽፈውን ዓይነት ትእዛዝ፣ በሊኑክስ “ኤምቪ”፣ በዊንዶውስ “ሙቭ” የሚባለውን፣ እንደ ዓረፍተ ነገር ገጣጥሞ ሼል ለሚባል አስተርጓሚ ያቀብላል። አስተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ፣ ቆራርጦ፣ በገባው መንገድ ተረድቶ ሌላ ፕሮግራም ቀስቅሶ ያሠራል።

ጠባቂ ሳይኖረው የሰው ሰነድ የሚያዛውር ፕሮግራም በቀጥታው በር መግባት አለበት። በአስተርጓሚ በኩል መዞር ስንፍና ነው። የስንፍናውን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሰነፉ አይደለም።

◾ አስተርጓሚው ምን ያደርጋል?

የፍርድ ቤቱን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ችሎት ቀርቦ “በአስተርጓሚ ካልሆነ አልናገርም” ቢል ዳኛው ምን ይላሉ? ትእዛዝ ገጣጥሞ ለሼል የሚሰጥ ፕሮግራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይባስ ብሎ ይህ አስተርጓሚ የራሱ ጠባይ አለው። ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ቃሉን ይቆርጣል። “የቤት ኪራይ ውል” የሚባል አንድ ፋይል በጥቅስ ካልታሰረለት ሦስት ፋይል ያደርገዋል፤ “የቤት”፣ “ኪራይ” እና “ውል”። ሦስቱንም አጥቶ ከቆመ ዕድል ነው። “ውል” የሚባል ሌላ ፋይል በአጠገቡ ካለ ግን ያልተጠየቀውን አንስቶ ይሄዳል።

ኮከብ ምልክት ሲያይ “ሁሉም” ብሎ ይተረጉማል። በሰረዝ የሚጀምር የፋይል ስም ሲደርሰው ትእዛዙ ስሙን እንደ ስም ሳይሆን እንደ ተጨማሪ መመሪያ ይቆጥረዋል። ባዶ የሆነ ነገር ሲሰጠው “ምን ማለትህ ነው?” ብሎ አይጠይቅም፤ ባዶውን እንደ ባዶ ወስዶ ይቀጥላል። ቀጥተኛው በር እንዲህ አያደርግም። የፋይል ስም ለእርሱ ስም ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታም ይኑረው ኮከብ፣ አይቆርጠውም፣ አይተረጉመውም። በሊኑክስ ባዶ ስም ቢሰጠው “እንዲህ የሚባል ነገር የለም” ብሎ ይመልሳል።

ይህ የመጽሐፍ ላይ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 አፕል አይቱንስ 2.0ን ለማክ ሲያወጣ የመጫኛው ስክሪፕት የዲስኩን ስም በጥቅስ ሳያስር ለማጥፊያ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። የዲስካቸው ስም ክፍት ቦታ የነበረበት ሰዎች የሙዚቃ ማጫወቻ እንጭናለን ብለው የሌላ ዲስካቸውን ይዘት አጡ። አፕል ፕሮግራሙን በፍጥነት አውርዶ በ2.0.1 ተካው። የጠፋው ሁለት የጥቅስ ምልክት ነበር፤ በዓለም ከታወቁት የሶፍትዌር ኩባንያዎች አንዱ ረሳቸው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ደግሞ ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ የሊኑክስ ፕሮግራም ተረኛ ሆነ። አንድ ተጠቃሚ የስቲምን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ አዛወረ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ስክሪፕቱ የራሱን አድራሻ ፈልጎ አጣና ባዶ ነገር ያዘ። ቀጥሎ የነበረው ትእዛዝ “ከዚህ አድራሻ በታች ያለውን ሁሉ አጥፋ” የሚል ነው። አድራሻው ባዶ ሲሆን “ከዚህ በታች” ማለት የኮምፒውተሩ ሥር ማለት ሆነ። ተጠቃሚው የመጥፋት ፈቃድ የነበረው ፋይሉ ሁሉ፣ የተሰካው የመጠባበቂያ ዲስክ ሳይቀር ተጠረገ። የሚያስገርመው ከዚያች መስመር በላይ ፕሮግራመሩ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ነው፤ “ያስፈራል!” የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል። እንደሚያስፈራ አውቋል፤ አልለወጠውም። ለምን? ይሠራ ነበራ!

ከሁሉ የከፋው የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የዩኒቨርሲቲውን ሱፐር ኮምፒውተር የሚያስተዳድረው ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የመጠባበቂያ ስክሪፕቱን አሻሻለ። ስክሪፕቱ ከ10 ቀን በላይ የቆዩ የመዝገብ ፋይሎችን የሚያጠፋ ትእዛዝ ነበረበት። አሮጌው ስክሪፕት ገና እየሠራ ሳለ አዲሱ በላዩ ተጻፈበት። ሼል ስክሪፕትን እየሄደ እያነበበ ስለሚያስፈጽም ከመሃል አዲሱን ማንበብ ጀመረ፤ እዚያ ያገኘው ስያሜ ግን ዋጋ ያልተሰጠው ነበር። ዋጋ የሌለውን ስያሜ ሼል እንደ ባዶ ይወስዳል፤ እንዲከለክል አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር። በዚህም የቆየ መዝገብ በማጥፋት ፈንታ የተመራማሪዎችን ሥራ ማጥፋት ጀመረ። 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል፣ 77 ቴራባይት መረጃ፣ 14 የምርምር ቡድኖች። ከእነዚህ የአራቱ ቡድኖች ሊመለስ እንደማይችል ተገለጸ። ኩባንያው ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ መሆኑን በጽሑፍ አመነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በሦስቱም ታሪክ አደጋውን ያደረሰው ማጥፊያ ትእዛዝ እንጂ ማዛወሪያ አይደለም ይባል ይሆናል። ግን ማዛወር ምንድን ነው? ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ሲሆን ገልብጦ ዋናውን ማጥፋት ነው። የሚያዛውር ፕሮግራም ሁሉ በእጁ ማጥፊያ ይዟል።

◾ ምን እንደተበላሸ አይናገርም

የትእዛዝ መንገድ ሁለተኛው ጥፋቱ ዝምታው ነው። በአንድ ዲስክ ውስጥ ፋይል ሲዛወር ይዘቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚለወጠው በማውጫው ላይ ያለው ስሙና አድራሻው ብቻ ነው። ለዚህ ነው 10 ጊጋባይት ቪዲዮ በቅጽበት “የሚዛወረው”። በሊኑክስና በመሰሎቹ ሲስተሞች ይህ ሥራ ግማሽ የለውም፤ በመሃል የተመለከተ ሌላ ፕሮግራም ወይ የድሮውን ያያል ወይ አዲሱን። ዲስኩ ሌላ ከሆነ ግን ቀጥተኛው በር “እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ናቸው” ብሎ እምቢ ይላል። በሊኑክስ የዚህ እምቢታ ቁጥሩ 18 ነው። ፕሮግራሙ ይህን ሲሰማ ሥራውን ያስተካክላል፤ በጊዜያዊ ስም ይገለብጣል፣ ሙሉ መድረሱን ያረጋግጣል፣ ትክክለኛውን ስም ይሰጠዋል፣ ዋናውን መጨረሻ ላይ ያጠፋል።

የ“ኤምቪ” ትእዛዝ ይህን እምቢታ ለራሱ ይውጠዋል። ሁለት ዲስክ ሲያጋጥመው ሳይናገር ወደ መገልበጥ ይሻገራል። መብራት በመሃል ቢጠፋ መድረሻው ላይ ግማሽ ፋይል ሊቀር ይችላል፤ ስሙ ትክክል፣ ይዘቱ ጎዶሎ። በማግስቱ የሚመጣው ፕሮግራም ስሙን አይቶ “ደርሷል” ይላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር ነው?

ስህተትም ሲፈጠር እንዲሁ ነው። ቀጥተኛው በር በሊኑክስ “ፈቃድ የለህም” ሲል 13፣ “ዲስኩ ሞልቷል” ሲል 28 ብሎ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም ለእያንዳንዱ የተለየ እርምጃ ይወስዳል። የትእዛዙ መንገድ ግን ለጠራው ፕሮግራም የሚመልሰው “አልተሳካም” ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ለሰው ዓይን በተጻፈ ዓረፍተ ነገር ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ሌሊት ስክሪኑን የሚያይ የለም። አንዳንድ ፕሮግራመሮች ዓረፍተ ነገሩን አንብበው ምክንያቱን ለመገመት ይሞክራሉ። የኮምፒውተሩ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ሲቀየር ግምቱ አፈር ይበላል።

የዊንዶውሱ “ሙቭ” ደግሞ መድረሻው ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘ፣ የተጠራው ከባች ፋይል ካልሆነ፣ “ልተካው?” ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂው አለ፣ መላሹ ግን ቤቱ ተኝቷል። ፕሮግራሙ እስኪነጋ ቆሞ ያድራል።

◾ ለአማርኛ የተለየ ወጥመድ

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤት ይገባል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ በፋይል ስም አማርኛ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። የዊንዶውስ አሮጌ የፊደል ሰንጠረዦች ግን ግዕዝን አያውቁም። አንድ ፕሮግራም ዩኒኮድን በማይይዘው በአሮጌው መንገድ ትእዛዝ ሲገጣጥም፣ ኮምፒውተሩ ዩቲኤፍ-8ን እንዲጠቀም ካልተዘጋጀ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። “ውክልና” የነበረው “????” ይሆናል።

አሁን ወጥመዱን እንመልከት። በ“ሙቭ” ትእዛዝ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ትርጉም አለው፤ “ማንኛውም አንድ ፊደል” ማለት ነው። በጥቅስ ቢታሰርም ይህ ትርጉሙ አይቀርም። ስለዚህ “ውክልና” የተባለውን ፒዲኤፍ አዛውር የተባለ ፕሮግራም፣ ሳያውቀው “አራት ፊደል ያለውን ፒዲኤፍ ሁሉ አዛውር” ይላል። በዚያው ፎልደር “ደረሰኝ” እና “ምስክር” የሚባሉ ፋይሎች ቢኖሩ አብረው ይሄዳሉ። ትእዛዙ “ተሳክቷል” ብሎ ይመልሳል። ደረሰኙ የት ገባ? ማንም አያውቅም። ለባለጉዳዩ የሚሰጠው መልስ ግን የታወቀ ነው፤ “ሲስተሙ ላይ የለም።”

ቀጥተኛው በር በዩኒኮድ ሲጠራ ስሙን እንዳለ ይቀበላል። በአሮጌው መንገድ ቢጠራ እንኳ የጥያቄ ምልክት በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ስለሆነ ጥያቄውን ውድቅ ያደርጋል። ልዩነቱ ይኸው ነው። አንዱ ያልገባውን አይሠራም፤ ሌላው ያልገባውን ገምቶ ይሠራል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተሞከረ ፕሮግራም ይህን ጉድ አያሳይም። ችግሩ የሚወጣው ወረዳው ላይ፣ በአማርኛ ስም፣ ሰልፍ በበዛበት ቀን ነው።

◾ ለሌባ የተተወ በር

ከስህተት የሚብሰው ተንኮል ነው። በሊኑክስ የፋይል ስም ውስጥ ነጠላ ሰረዝም፣ የዶላር ምልክትም፣ በላቲን አጻጻፍ ድርብ ሰረዝን የሚተካው ባለነጥብ ምልክትም ይፈቀዳል። ያ ምልክት ለሼል “አንዱ ትእዛዝ አለቀ፣ ሌላው ይጀምራል” ማለት ነው። ሰው ከውጭ በሚልከው ፋይል ስም ትእዛዝ የሚገጣጥም ድረ ገጽ፣ በፋይሉ ስም ውስጥ ትእዛዝ ለደበቀ ሰው ቁልፉን ሰጠ ማለት ነው። ፋይሉን ማዛወር የፈለገ ፕሮግራም የሌባውን ትእዛዝ በራሱ ሥልጣን ይፈጽማል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ሼልሾክ የተባለው ቀዳዳ ሲታወቅ ዓለም የደነገጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ቀዳዳው ባሽ በተባለው ሼል ውስጥ ከ1989 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ተቀምጧል። ፕሮግራማቸው ሼል የማያስፈልገው፣ ግን ከልማድ ይህን ሼል የሚጠሩ ብዙዎች ተጋለጡ። በቀጥተኛው በር የገቡት በዚያ በኩል የሚደርስባቸው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ደግሞ የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ ከኤፍቢአይ ጋር ሆኖ ለሶፍትዌር አምራቾች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሰርጎ ገቦች በታወቁ ኩባንያዎች የኔትወርክ መሣሪያዎች ላይ ይህንኑ የትእዛዝ ቀዳዳ ሲጠቀሙበት ከታየ በኋላ ነው። ከምክሮቹ አንዱ፦ ትእዛዝን እንደ ዓረፍተ ነገር ከመገጣጠም ይልቅ ትእዛዙንና የሚሰጠውን መረጃ ለይቶ የሚይዝ፣ ከቋንቋው ጋር አብሮ የመጣ መሣሪያ ተጠቀሙ። ማስጠንቀቂያው ለጀማሪዎች የተጻፈ አልነበረም፤ ለአምራች ኩባንያ መሪዎች እንጂ።

◾ ተከራካሪዎቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው መከራከሪያ “ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፣ ይፈጥናል” የሚል ነው። ይህ ክርክር ጊዜው አልፎበታል። በፓይተን ፋይል ማዛወር አንድ መስመር ነው። ጃቫ ከ2011 ጀምሮ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ከ2017 ደረጃው ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን አንድ መስመር አላቸው። ለማሽኑም ቢሆን ቀጥተኛው በር ይቀላል፤ ለአንድ ፋይል አስተርጓሚና ሌላ ፕሮግራም መቀስቀስ የለበትም። አሥር ሺህ ፋይል ሲሆን ልዩነቱ ይታያል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። “ኤምቪ”ን የመሰሉ ትእዛዞች በአሥርት ዓመታት የተፈተኑ ናቸው፤ የፋይሉን ባለቤት፣ ፈቃድና ቀን ጠብቀው ያዛውራሉ፤ ይህን ሁሉ ልጻፍ የሚል ወጣት ፕሮግራመር ከእነርሱ የባሰ ይጽፋል ይላሉ። እውነት አላቸው። የፓይተን መመሪያ ራሱ የመገልበጫ መሣሪያዎቹ ሁሉንም የፋይል መረጃ መጠበቅ እንደማይችሉ ያስጠነቅቃል። ሚሊዮን ፋይል በኔትወርክ ለማሻገርም አርሲንክን የመሰለ የተፈተነ ፕሮግራም መጥራት አዲስ ከመጻፍ ይሻላል። ግን ይህ ሼልን ለመጥራት ምክንያት አይሆንም። ፕሮግራሙን ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ መቀስቀስ፣ የፋይል ስሞቹን አንድ በአንድ ለይቶ መስጠት፣ “ከዚህ በኋላ ያለው ስም ነው” የሚለውን የሁለት ሰረዝ ምልክት ማስቀደም፣ መልሱን ማንበብ ይቻላል። ጥፋቱ የሰውን ፕሮግራም መጠቀም ሳይሆን የሰውን ስም ከትእዛዝ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማቡካት ነው።

ሦስተኛው፦ “በኤፒአይም መጥፎ ፕሮግራም ይጻፋል” የሚል ነው። ይጻፋል! “ወ/ሮ” ብሎ የሚጀምር ስም ለየትኛውም በር ቢሰጥ፣ ዘንባዩ መስመር የፎልደር መለያ ስለሆነ፣ “ወ” የሚባል ፎልደር ፍለጋ መሄዱ አይቀርም። ስም ማጽዳት የፕሮግራመሩ ሥራ ነው። የደህንነት ቀበቶ ያሰረም ሰው አደጋ ይደርስበታል፤ ቀበቶ አያስፈልግም ያለ ግን አልተሰማም።

ኪቦርድ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ የሚጽፍ የሲስተም አስተዳዳሪ በዚህ ክስ ውስጥ የለበትም። እርሱ የሚጽፈውን ያያል፣ ይጠራጠራል፣ ጣቱን ይሰበስባል። ክሱ ዓይንም ጥርጣሬም ለሌለው ፕሮግራም የዓይነኛ ሰው መሣሪያ በሰጡት ላይ ነው።

◾ ማን ምን ያድርግ?

ኢትዮጵያ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምራለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በዚያው ዓመት ወጥቷል። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። እንግዲህ አሠልጣኞች “ይሠራል”ን የመጨረሻ መለኪያ አድርገው ካስተማሩ፣ የሚመረቀው ትውልድ በብዛት የሚያመርተው ይህንኑ ወጥመድ ነው። ተማሪው የጻፈው ፕሮግራም ሲሠራ ማጨብጨብ ብቻ አይበቃም፤ ሲሰናከል ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ አለበት።

ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም። ከመፈረሙ በፊት ግን አምስት ፋይል ያዘጋጅ። አንዱ በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ይኑረው። አንዱ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ይሰየም፤ በአጠገቡም እኩል የፊደል ብዛት ያላቸው ሌሎች ይቀመጡ። አንዱ በሰረዝ ይጀምር። አንዱ መድረሻው ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ወንድም ይጠብቀው። አምስተኛው ወደ ሞላ ዲስክ ይላክ። ከዚያ ሻጩ ፊት ፕሮግራሙን ማስነሳት ነው። ተቀባይነት ያለው ውጤት ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ደርሷል፣ ወይ ዋናው በቦታው አለ፣ ምክንያቱም ተመዝግቧል። ሦስተኛ ውጤት ካሳየ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ይህ ፈተና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ በጨረታ ሰነዱ ላይም አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል። ኪዮቶ ያሉት አራት ቡድኖች የምርምር መረጃቸውን ዛሬም አላገኙትም። እዚህ የሚጠፋው ሰነድ የአንዲት እናት የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአንድ አርሶ አደር የይዞታ ካርታ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን መስኮቱ ጋ ቆማ ለምትጠብቀው ሴት “ፕሮግራሙ እስከ ትናንት ይሠራ ነበር” ማለት ምን ይጠቅማታል?